በትንሣኤ ስብከት ላይ ሙታን ለምን ይረሳሉ?

የጠባሴ ልጅ (ክሩን የከፈተ) — ሰኞ ማዕዶት፥ ማታ 2፡40

ክርስቶስ ተንሥአ እሙታን! እንኳን አደረሳችሁ።

ንዴቴ ይብረድ ብዬ አሳድሬው ነበር፥ አልበረደም። ዘንድሮ ትንሣኤን ያስቀደስኩት እዚሁ ደብረ ብርሃን ነው። ደብሩንም ሰባኪውንም አልጠራም፤ በአንድ ሰው ላይ ብቻ ያየሁት ነገርም አይደለም። ከቅዳሴ በኋላ የተሰበከው «ተነሥ» በሚል ርዕስ ነበር። የወደቀ ንግድህ ይነሣል፤ የታሠረ ቪዛህ ይፈታል፤ የሞተ ትዳርሽ ነፍስ ይዘራል፤ ጠላት የገጠመብህ ድንጋይ ይንከባለላል። ሕዝቡ በእልልታ ቀለጠ። ከመግቢያው ሰላምታ ቀጥሎ እስከ «ወስብሐት ለእግዚአብሔር» ድረስ ግን ሙታን የሚል ቃል አልሰማሁም።

አጠገቤ ጎረቤታችን ነበሩ፥ ነጠላቸውን ዘቅዝቀው። ባላቸው በሰሙነ ሕማማት ዐርፈው ያለ ፍትሐት ነው የተቀበሩት። በሕማማት ፍትሐት እንደሌለ፥ ሆሣዕና ዕለት ለሁሉም አስቀድሞ እንደሚደረግ ታውቃላችሁ። እሳቸውም ሥርዓቱን ስለሚያውቁ አላጉረመረሙም። ግን «ፋሲካ ሲደርስ አንድ ደኅና ቃል እሰማለሁ» ብለው ነበር የመጡት። ስንመለስ «የሚነሣው ንግድ ከሆነማ፥ እሱ ንግድ አልነበረው» አሉኝ። ምን ብዬ እንደምመልስ ጠፋኝ።

ቤት ገብቼ 1ኛ ቆሮንቶስ 15ን ደግሜ አነበብኩ። ያኔ ያየሁት፥ በቆሮንቶስ «ትንሣኤ ሙታን የለም» የሚሉት ሰዎች ክርስቶስ አልተነሣም ያሉ አይመስሉም። የክርስቶስን መነሣት ተቀብለው የእኛን የተዉ ናቸው። ጳውሎስ የሚቆጣውም እዚህ ላይ ነው፤ ሙታን የማይነሡ ከሆነ ክርስቶስም አልተነሣማ ይላቸዋል። ሁለቱን ነጣጥሎ አንዱን መያዝ አይቻልም። እኛስ ዛሬ የምንሰብከው የቆሮንቶሶቹን አይደለም ወይ? ክርስቶስ ተነሥቷል፥ እልል፤ የእኛ ሬሳ ግን አይወራም፥ የሚወራው ሥራችን ነው።

በዳግም ትንሣኤ እሑድ ከጣርማበር ወደ መንዝ በሚወስደው መንገድ ላይ ባለ አንድ የገጠር አጥቢያ እንድሰብክ ሰንበት ትምህርት ቤታችን መድቦኛል። እዚያ መንደር ባለፉት ዓመታት ለቅሶ ያልተቀመጠበት ቤት ማግኘት ከባድ ነው። ምን ልበል? ማን ምን ይላል?


ዲያቆን ዘጣርማበር — ሰኞ፥ ማታ 3፡25

አማን በአማን ተንሥአ!

ወንድሜ፥ መጀመሪያ ለሰባኪው ትንሽ ልከራከርለት። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ነው፤ ሕዝቡ 55 ቀን ጾሟል፥ ገሚሱ ከዓርብ ጀምሮ አክፍሏል፤ ብርዱ የደብረ ብርሃን ብርድ ነው፤ የሁሉም ልብ ዶሮው ላይ ነው። በዚያ ሰዓት ምሥጢረ ትንሣኤን አምልቼ አስተምራለሁ የሚል ካለ ሞክሮት አያውቅም። አጭርና ሞቅ ያለ ነገር ብሎ መሸኘት ነው። ስለዚህ ሌሊቱን ተወው።

ጥፋቱ ቀጥሎ ያሉትን ቀናት ባዶ መተዋችን ነው። አባቶች ሳምንቱን በሙሉ ስም ሰጥተው የሠሩልን ለምን ይመስልሃል? ሰኞ ማዕዶት፥ ነፍሳት ከሲኦል የተሻገሩበት። ማክሰኞ ቶማስ። ረቡዕ አልዓዛር። ሐሙስ የአዳም ሐሙስ። ዓርብ ቤተ ክርስቲያን። ቅዳሜ አንስት፥ ወደ መቃብሩ የሄዱት ሴቶች። ከዚያ ዳግም ትንሣኤ። ሙሉ ትምህርተ ትንሣኤ በሰባት ቀን ተከፋፍሎ ተቀምጧል። እኛ ግን ሰኞ ቅርጫ ላይ ነን፥ ማክሰኞ ዘመድ ጥየቃ።

ስለ «ንግድህ ይነሣል» ግን እስማማለሁ፥ እንዲያውም ልጨምርልህ። ያ ስብከት ከበዛ የአልዓዛር ስብከት ነው። አልዓዛር በዐራተኛው ቀን ተነሣ፥ ደስ ይላል፤ ግን ተመልሶ ሞቷል። የወጣውም እጅና እግሩ በመግነዝ እንደተገነዘ፥ ፊቱም በጨርቅ እንደተጠመጠመ ነበር፤ «ፍቱት» ተብሎ ሰው ፈታው። መግነዙ ዳግመኛ ያስፈልገዋልና። የጌታን መቃብር ዮሐንስ 20 ላይ ስታነብ ግን ጴጥሮስ ያየው የተልባ እግሩ ልብስ ተቀምጦ፥ የራሱ ጨርቅም ለብቻው ተጠምጥሞ ነው። ፈቺ አላስፈለገውም፥ ይዞትም አልሄደም። የተነሣ ንግድ ተመልሶ ይወድቃል። የክርስቶስ መነሣት ተመልሶ የማይሞቱት ነው። ልዩነቱን እዚህ ላይ ብታሳያቸው የገጠሩ ሰው ወዲያው ይገባዋል።


ብርሃን ወንጌላዊት — ማክሰኞ፥ ጠዋት 1፡50

ሰላም ለሁላችሁ። እኔ ወንጌላዊት አማኝ ነኝ፥ የደብረ ብርሃን ልጅ። ክራችሁ ውስጥ ብገባ ቅር እንደማትሰኙ ተስፋ አለኝ፤ በዓሉን የምናከብረው በአንድ ቀን ነው።

እህ ብዬ ነው ያነበብኩት፥ ምክንያቱም ይሄ በሽታ እኛም ቤት አለ። እንዲያውም ከእኛ ቤት ነው ወደ እናንተ የተሻገረው ብትሉኝ አልከራከርም። «የዓመቱ ቃል» እየተባለ ትንሣኤ ወደ መኪናና ወደ ቤት ከተለወጠ ቆየ።

የጎደለው የመቃብሩ ነገር ብቻ አይመስለኝም፤ የኃጢአቱም ነገር ነው። ሮሜ 4፥25 ስለ በደላችን አልፎ ተሰጠ፥ እኛን ስለ ማጽደቅም ተነሣ ይላል። እዚያው 1ኛ ቆሮንቶስ 15 ላይም ክርስቶስ ካልተነሣ «እስከ አሁን ድረስ በኃጢአታችሁ አላችሁ» ይላል። ትንሣኤ ማለት አብ የልጁን መሥዋዕት መቀበሉን ያወጀበት ነው። አብ ከሙታን አስነሣው ስንል፥ ፍርዱ ተሽሯል ማለታችን ነው። ባልየው ያለ ፍትሐት የተቀበሩት እናት ከሁሉ በፊት የሚያስጨንቃቸው «ይቅር ተብሎለት ይሆን?» የሚለው ሊሆን ይችላል። ይሄ ሳይመለስ «ይነሣል» ብቻ ቢባሉ አይበቃቸውም።


መሪጌታ ዘሞረት — ማክሰኞ፥ ማታ 1፡10

እንኳን ለብርሃነ ትንሣኤው አደረሳችሁ፥ ልጆች።

እኅታችን የጠቀሰችው የሐዋርያው ቃል እውነት ነው። ነገር ግን «አብ አስነሣው» ተብሎ ቢቀር ሰሚው ክርስቶስን እንደ ማንኛውም ነቢይ፥ ሌላ የቀሰቀሰው ሙት አድርጎ ያስበዋልና መሙላት ያስፈልጋል። በትንሣኤ ሌሊት የሚሰበከውን ምስባክ አስቡት። «ወተንሥአ እግዚአብሔር ከመ ዘንቃህ እምንዋም፤ ወከመ ኃያል ወኅዳገ ወይን።» መዝሙር 77፥65 ነው። ከእንቅልፍ እንደሚነቃ ተነሣ። ራሱም በዮሐንስ 10፥18 ነፍሴን ላኖራት ሥልጣን አለኝ፥ ደግሞም ላነሣት ሥልጣን አለኝ ብሏል። አብ አስነሣው ሲል የአብ፥ የወልድና የመንፈስ ቅዱስ ሥልጣን አንድ ስለሆነ ነው እንጂ ወልድ አንሺ ፈልጎ አይደለም።

ሊቃውንት አምልተው የሚያስተምሩት ቀጥሎ ያለውን ነው። በዕለተ ዓርብ ነፍሱ ከሥጋው ተለየች፤ መለኮት ግን ከሥጋውም ከነፍሱም አልተለየም። በአካለ ሥጋ ወደ መቃብር፥ በአካለ ነፍስ ወደ ሲኦል ወረደ። በመቃብር ያለው ሥጋ መለኮት የተዋሐደው ስለሆነ መበስበስ አላገኘውም፤ በሲኦል ያለችው ነፍስ መለኮት የተዋሐዳት ስለሆነች ሲኦል ሊይዛት አልቻለም። ለነፍሳት ነጻነትን ሰበከላቸው፤ ጴጥሮስ በአንደኛ መልእክቱ በምዕራፍ 3 የጻፈው ነው። ሰኞን ማዕዶት ያልነው፥ ሐሙስንም በአዳም የሰየምነው በዚህ ነው። አዳም ከ5500 ዘመን በኋላ የተቆረጠለት ቀን ደርሶ ወደ ርስቱ ተመለሰ።

እንግዲህ ልጄ የጠባሴው፥ ለሐዘንተኛዋ የምትነግራት ይህን ነው። ባልሽ ያለበትን መቃብር ጌታ ያውቀዋል፥ ገብቶበታል። ነፍሱ ያለችበትንም ያውቀዋል። ሁለቱንም በመለኮቱ ይዞ ሁለቱን ያገናኘ እርሱ ነው። ትንሣኤ ሙታን ማለት ነፍስና ሥጋ ዳግመኛ መዋሐዳቸው ነው። ከአምስቱ አዕማደ ምሥጢር መጨረሻው የሆነውም የቀሩት አራቱ የሚያደርሱት እዚያ ስለሆነ ነው። ሥላሴን አምነን፥ በሥጋዌው ተቤዥተን፥ በጥምቀት ተወልደን፥ በቁርባን ተመግበን የምንጠብቀው ይህንን ነው። «ነፍስ ይማር» ብለን ሥጋውን እንደ አሮጌ ልብስ የምንጥለው አይደለም። በመጽሐፈ ግንዘት ያን ሁሉ ጸሎት የምናደርሰው፥ ሬሳውንም ገንዘን ፊቱን ወደ ምሥራቅ አድርገን የምንቀብረው የሚነሣ ስለሆነ ነው።

ፍትሐቱን በተመለከተ፥ እናታችን አይጨነቁ። በሆሣዕና የተደረገው ፍትሐት ፍትሐት ነው። ከትንሣኤ በኋላም መታሰቢያው፥ አርባውም አለ።


ጠያቂው — ማክሰኞ፥ ማታ 4፡05

የመሪጌታን ጽሑፍ በአክብሮት አነበብኩት። እኔ ግን ገና ከበሩ አልገባሁም። አራቱ ወንጌላት ስለ አንድ ጠዋት አራት ታሪክ ነው የሚነግሩን። ማቴዎስ አንድ መልአክ፥ ማርቆስ አንድ ጎልማሳ፥ ሉቃስ ሁለት ሰዎች፥ ዮሐንስ ሁለት መላእክት። ሴቶቹም በአንዱ ሁለት፥ በሌላው ሦስት፥ በዮሐንስ መግደላዊት ብቻ። ስለ ትርጉሙ ከመራቀቃችሁ በፊት ምን እንደሆነ ተስማሙ። ሰባኪ ይህንን ሲያነሣ ሰምቼ አላውቅም፤ የሚፈሩት ይመስለኛል።


መምህርት ከሸዋ ሮቢት — ረቡዕ፥ ከሰዓት 9፡30

ጠያቂው፥ ያነሣኸው አያስቆጣኝም። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ልጆቼ ከአንተ የባሰ ይጠይቁኛል።

ዮሐንስ 20፥2ን እስቲ ቀስ ብለህ አንብበው። መግደላዊት ብቻዋን ሮጣ መጥታ ለጴጥሮስ ስትነግረው «ወዴትም እንዳኖሩት አናውቅም» ትላለች። «አናውቅም» ካለች ሌሎቹም አብረዋት ነበሩ፤ ዮሐንስ የሚከተለው የአንዷን እግር ነው። የመላእክቱም ነገር እንደዚያው ነው፤ የተናገረውን የጠራ፥ ያልተናገረውን የለም አላለም። ይህ ሁሉንም ጥያቄ ይዘጋል አልልህም። ሁሉም በአንድ ቃል የሚስማሙበትን ግን አትዝለለው፤ ከሳምንቱ በፊተኛው ቀን፥ በማለዳ፥ ባዶ መቃብር፥ መጀመሪያ የደረሱትም ሴቶች።

የሴቶቹ ነገር ለእኔ ከሁሉ ይበልጣል። በዚያ ዘመን በአይሁድ ሸንጎ የሴት ምስክርነት የረባ ቦታ አልነበረውም። ታሪኩን ፈጥሬ ላሳምን የሚል ሰው ጴጥሮስን ወይም የአርማትያሱን ዮሴፍን፥ የሸንጎ አባል የሆነውን፥ ነበር መቃብሩ በር ላይ የሚያቆመው። ሉቃስ ደግሞ ሐዋርያት ራሳቸው የሴቶቹ ቃል ቅዠት መስሎአቸው አላመኑአቸውም ብሎ ጽፎታል። የራሱን ቤተ ክርስቲያን ዓምዶች እንዲህ የሚያሳፍር ነገር ፈጥሮ የሚጽፍ ማን ነው? ማርቆስም ሴቶቹ ፈርተው ለማንም አንዳች አልተናገሩም ይላል። ጀግና የለበትም። ፍርሃት ነው ያለበት።

የጠባሴው ወንድሜ፥ በዚያ አጥቢያ ከፊትህ የሚቀመጡት አብዛኞቹ ነጠላ ያዘቀዘቁ ሴቶች ናቸው። ሽቱ ይዘው ሬሳ ሊቀቡ የሄዱትም እንደነሱ ያሉ ነበሩ። ትንሣኤን ፈልገው አልነበረም የሄዱት፤ ለቅሷቸውን ሊጨርሱ ነው። የቅዳሜውን የአንስትን ታሪክ አትለፈው።


እትዬ ከሰላድንጋይ — ረቡዕ፥ ማታ 2፡20

ልጆቼ እንኳን አደረሳችሁ። የምትጽፉትን የልጅ ልጄ ነው የሚያነብልኝ፥ ይሄንንም እሱ ነው የሚጽፍልኝ። መሪጌታ ካሉ አንድ ነገር ልጠይቅ። እኔ የቀበርኩት የሦስት ዓመት ልጅ ነው፥ ድሮ ነው፥ በኩፍኝ። አሁን እኔ አርጅቻለሁ። በዚያን ቀን የሚነሣው ሕፃን ሆኖ ነው? እኔስ አሮጊት ሆኜ? ታዲያ በምን እንተዋወቃለን? ቄሱን ልጠይቅ እልና አፍራለሁ።


መሪጌታ ዘሞረት — ረቡዕ፥ ማታ 3፡00

እትዬ፥ አያፍሩ። ይህ የሊቃውንት ጥያቄ ነው።

መምህራን ሲያስተምሩ፥ አዳም ሲፈጠር የሠላሳ ዓመት ጎልማሳ፥ ሔዋንም የዐሥራ አምስት ዓመት ቆንጆ ሆነው እንደ ተፈጠሩ፥ በትንሣኤም ወንዱ በሠላሳ፥ ሴቷም በዐሥራ አምስት ዓመት መልክ ይነሣሉ ይላሉ። ሕፃን ሆኖ የሞተ ሕፃን ሆኖ አይነሣም፤ ሽማግሌም ጎብጦ አይነሣም፤ ዕውር ዕውር ሆኖ፥ አንካሳም አንካሳ ሆኖ አይነሣም። ነጋሪቱም ሦስት ጊዜ ነው። በመጀመሪያው የተበተነው ትቢያ ይሰበሰባል፤ በሁለተኛው አጥንትና ሥጋ ተያይዞ የማይንቀሳቀስ ሬሳ ይሆናል፤ በሦስተኛው ነፍስ ተዋሕዳው ጻድቁ ለክብር፥ ኃጥኡ ለኃሣር ይነሣል።

መተዋወቁን በተመለከተ መግደላዊት ጌታን በዓይኗ አይታ አላወቀችውም፥ አትክልተኛ መሰላት። «ማርያም» ብሎ በስሟ ሲጠራት ነው ያወቀችው። የኤማሁስ መንገደኞችም መንገዱን ሁሉ አብረውት ሄደው፥ እንጀራውን ሲቆርስ ነው ዓይናቸው የተከፈተ። ልጅዎን ያጠመቁበትን ስም ያውቁታል፥ እሱም የእርስዎን ድምፅ ያውቃል።


ብርሃን ወንጌላዊት — ረቡዕ፥ ማታ 3፡35

መሪጌታ፥ በትሕትና ልጠይቅ፤ ሠላሳና ዐሥራ አምስት የሚለው በመጽሐፍ የት ተጽፏል? ለእትዬ የሰጧቸው የመጨረሻው መልስ ግን ልቤን ነካው፥ እሱን ነገ ለእናቴ አነብላታለሁ።


መሪጌታ ዘሞረት — ረቡዕ፥ ማታ 3፡50

ልጄ፥ የመምህራን ትምህርት ነው ብያለሁ፥ ጥቅስ ነው አላልኩም። ለእኛ ትውፊት ባዶ እጅ አይደለም። ለአንቺ ካልበቃሽ መግደላዊቷን ያዢ።


የግብርናው ሰው (መሐል ሜዳ) — ሐሙስ፥ ጠዋት 3፡15

እኔ ሥራዬ ከገበሬ ጋር ነው፥ ስለ ስብከት ብዙ አልናገርም። ግን ጳውሎስ እዚያው ምዕራፍ 15 ላይ ስለ ዘር የጻፈውን ከተማ ውስጥ ስትሰብኩት ሁልጊዜ «ካልሞተ ሕያው አይሆንም» የሚለው ላይ ትቆማላችሁ። አንድ ተማሪ እጁን አውጥቶ «የሞተ ዘር አይበቅልም» ሲላችሁ ትደነግጣላችሁ። ገበሬውም ያውቀዋል፤ ነቀዝ የበላውን ወይም የታመሰውን ገብስ አይዘራም።

ክርክሩ ግን እዚያ ላይ አይደለም። ቀጥሎ የሚለው፥ የምትዘራው የሚሆነውን አካል አይደለም፥ ቅንጣት ብቻ ነው፤ እግዚአብሔር አካልን ይሰጠዋል ነው። እዚህ የበልግ ገብስ ከተዘራ በኋላ ፋሲካ ሲደርስ ማሳው አረንጓዴ ነው። ያንን ቡቃያ ገብስ አይቶ የማያውቅ ሰው ከጎተራ ቅንጣት አውጥተህ ብታሳየው አንድ ናቸው ብሎ አያምንህም። መልኩ አይገናኝም፥ መጠኑ አይገናኝም። ግን ገብስ ተዘርቶ ስንዴ በቅሎ አያውቅም። ያው የራሱ ነው፥ ያው አይደለም። «ይህ የተቃጠለ፥ ይህ ገደል የገባ፥ ይህ ጅብ የበላው ሰው እንዴት ነው የሚነሣው?» ለሚልህ ሰው የጳውሎስ መልስ ይሄ ነው። በሬውን ፈትቶ ቤተ ክርስቲያን የመጣ ሰው ከማንኛችንም የተሻለ ይገባዋል፥ ብዙ አታብራራ።

በነገራችን ላይ በልጉ እዚህ ዝናቡ ሲቀር የሚቀር ነው፥ ያልበቀለለትም ገበሬ ይኖራል። እሱን አስበህ ተናገር።


ወጣቱ ዘአንኮበር — ሐሙስ፥ ማታ 1፡45

ይቅርታ ግን ሁላችሁም አንድ ወገን ናችሁ። እኔ ያንን «ተነሥ» የሚል ስብከት ብሰማው እልል ነበር የምለው። ተመርቄ ሥራ የለኝም። ጓደኞቼ ግማሾቹ ተሰደዋል፥ ግማሾቹ ተስፋ ቆርጠዋል። ሞት ሞት ሞት ሰምተን ሰምተን ጠግበናል፤ ከቀብር መጥተን ደግሞ መቅደስ ውስጥ ስለ መቃብር ልንሰማ? ለሞተ ሰው ትንሣኤ አለ፥ እሺ፤ በቁሙ ለሞተውስ? ሮሜ 6 በአዲስ ሕይወት እንድንመላለስ ይላል አይደል? ያ ለዚች ሕይወት አይደለም? ሰባኪው ቢያንስ የእኔን ችግር ያውቀዋል።


የጠባሴ ልጅ — ሐሙስ፥ ማታ 4፡30

ወንድሜ ዘአንኮበር፥ በዚህ ክር ላይ ከተጻፈው ሁሉ ያንተ ነው ያስቸገረኝ። እኩዮች ነን መሰለኝ፥ የምትለውን አውቀዋለሁ።

ሮሜ 6 ልክ ነህ፥ ለዚች ሕይወትም ነው። ግን አዲስ ሕይወት የሚለው ቀብሮ ነው፤ ከእርሱ ጋር በጥምቀት ተቀበርን ብሎ ነው የሚጀምረው። ሰባኪው ቀብሩን ዘለለው። ደግሞ ለአንተ ሥራ ይገኛል ብሎ የማለልህ ማን ሆኖ ነው? በሚቀጥለው ፋሲካ ሥራው ካልመጣ ምን ልታስብ ነው፥ ክርስቶስ አልተነሣም ልትል? እኔን የሚያናድደኝ ይሄ ነው። እምነትህን ከቅጥር ማስታወቂያ ጋር አሥሮት ሄደ። ጳውሎስ እኮ ክርስቶስን በዚች ሕይወት ብቻ ተስፋ ካደረግን ከሰው ሁሉ ይልቅ ምስኪኖች ነን ብሏል።

ግን ተስፋው ለወዲያኛው ብቻ ከሆነ አንተም እውነት አለህ። ስለዚህ ምዕራፍ 15 እንዴት እንደሚያልቅ ልይ ብዬ ተመለስኩ። «ሞት ሆይ፥ መውጊያህ የት አለ?» ካለ በኋላ የምናቆመው እኛ ነን፥ ጳውሎስ አያቆምም። የመጨረሻው ቁጥር 58 ነው፤ ድካማችሁ በጌታ ከንቱ እንዳልሆነ አውቃችሁ የማትናወጡ ሁኑ፥ ሥራው ይብዛላችሁ። ከዚያ ገጹን ገልብጥ። 16፥1 ስለ ምን ይመስልሃል? ለቅዱሳን ስለሚሰበሰበው ገንዘብ! በየሳምንቱ በፊተኛው ቀን፥ ጌታ በተነሣበት በእሑድ፥ እያንዳንዱ እንደ ቀናው መጠን ያስቀምጥ ይላል፤ በኢየሩሳሌም ላሉት ድሆች የሚላክ ነው። ምዕራፍ ብለን የከፋፈልነው እኛ ነን እንጂ ጳውሎስ ከነጋሪቱ ወደ ሙዳየ ምጽዋቱ የሄደው በአንድ እስትንፋስ ነው።

እንግዲህ ትንሣኤ ለዚች ሕይወት ምን ያደርጋል ካልከኝ፥ ንግድህን ያስነሣል ተብሎ አልተጻፈም። የነጋዴውን እጅ ይፈታል። ሞት የመጨረሻው እንዳልሆነ ያመነ ሰው እህሉን ጎተራ ውስጥ ቆልፎ የሚይዝበት ምክንያት የለውም። አንተም በቁምህ የሞትክ የመሰለህ ሰባኪ ስላልቀሰቀሰህ ሳይሆን፥ ተነሥተናል የምንለው ሰዎች አጠገብህ ሆነን ስላልፈታንህ ይመስለኛል። ዲያቆኑ እንዳለው አልዓዛርን «ፍቱት» የተባሉት ቆመው የሚያዩት ናቸው።

እንግዲህ የእሑዱን እንዲህ አሰብኩት። ከቶማስ እጀምራለሁ፥ የዕለቱ ወንጌል ስለሆነ። ጌታ ከተነሣም በኋላ ቁስሉን ይዞ ነው የታየው፤ የቆሰለ ቤት ላለው ሕዝብ ይሄ መነገር አለበት። ከዚያ አንስትን፥ ከዚያ የገብሱን (ጋሼ የግብርናው፥ አመሰግናለሁ)፥ ከዚያ በግልጽ «የቀበራችኋቸው ይነሣሉ» እላለሁ፥ ሳላሽሞነሙን። መጨረሻ ላይ 16፥1ን አንብቤ እወርዳለሁ።


ወጣቱ ዘአንኮበር — ሐሙስ፥ ማታ 5፡10

እሺ፥ የቁስሉን ነገር አላሰብኩትም ነበር። ግን «ተነሥ» የሚለውን ቃል ጨርሰህ አትጣለው። እሱም የጌታ ቃል ነው፥ ለኢያኢሮስ ልጅ የተናገረው።


ዲያቆን ዘጣርማበር — ዓርብ፥ ጠዋት 12፡40

ጥሩ ነው፥ ግን ሦስት ስብከት ነው ያሰብከው። ገብሱን ወይም አንስትን አንዱን ተው። የገጠር አጥቢያ ነው፥ ከቅዳሴ በኋላ ሽማግሌዎቹ ቆመው ነው የሚሰሙህ፤ ከሃያ ደቂቃ ካለፍክ መቋሚያቸውን ነቅለው ይሄዳሉ፥ አይተኻል።

ሌላው ደግሞ 16፥1ን ስታነብ ተጠንቀቅ። ከከተማ የመጣ ሰባኪ ስለ ገንዘብ ካነሣ «ለራሱ ሊለምን ነው» ይባላል። ቅዳሜ ማታ ደርሰህ ከሰበካ ጉባኤው ሊቀ መንበርና ከእድሩ ዳኛ ጋር ተነጋገር። የሚሰበሰበው ለማን እንደሆነ እነሱ አስቀድመው ይወስኑ፥ እነሱው ይያዙት፥ አንተ እጅህን አታስገባ። ባላቸው የሞተባቸውና ለበልግ ዘር ያጡ ሁለት ሦስት ቤቶች እንዳሉ ሰምቻለሁ፥ ስም የሚያውቁት እነሱ ናቸው።


መምህርት ከሸዋ ሮቢት — ዓርብ፥ ጠዋት 2፡05

አንስትን እንዳትተው! የምትተወው ገብሱን ነው።


የግብርናው ሰው (መሐል ሜዳ) — ዓርብ፥ ጠዋት 2፡30

ገብሱ ካልቀረ አይሆንም ካላችሁ ይቅር። ዘር ላጡት ቤቶች ግን ቅዳሜ ስትመጣ ደውልልኝ፥ የማውቀው ዘር የተረፈው ሰው አለ።